«አቶን» የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ይቅርታ መጠየቅ ማለት ነውን?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት ጀማሪ ተርጓሚ ነው። አጭር ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሱ ነው። በታሪኩ አንድ ሰው በወጣትነቱ ጠጥቶ ሲያሽከረክር አንዲት ልጅ ገጭቶ ይገድላል። እስራቱን ጨርሶ ሲወጣ ማንም ወደማያውቀው ወረዳ ይሄድና ሃያ ዓመት ሙሉ ሕመምተኞችን በመኪናው ያለ ክፍያ ወደ ሆስፒታል ሲያመላልስ ይኖራል። ደራሲው ይህን ሁሉ ዘመን «አቶን» በሚል አንድ ግሥ ጠቅልሎታል። ጠያቂዋ «ላደረገው ነገር ቀሪ ዘመኑን ይቅርታ ሲጠይቅ ኖረ» ብለው መለሱት፤ አርታኢያቸው ሰረዙባቸው። መዝገበ ቃላት ሲገልጡ «ማስተሰረይ፣ መካስ፣ ማስታረቅ» የሚሉ ሦስት ፍቺዎች ተደርድረው አገኙ። «የትኛው ነው ትክክሉ? ግሡስ በዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዴት ነው የሚገባው?» ይላሉ።

አርታኢዎ መሰረዛቸው ትክክል ነው። ያ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቀም። እርስዎ እንደጻፉልኝ፣ አገር የለወጠውም ከልጅቱ ወላጆች ፊት መቆም አቅቶት ነው። ይቅርታ የሚናገር አፍ ይፈልጋል፤ የሚሰማ ጆሮም ይፈልጋል። «አቶን» የሚፈልገው ሥራ ነው። ምንም ሳይናገር «አቶን» የሚያደርግ ሰው አለ፤ ጠዋት ማታ ይቅርታ እያለ አንዳች «አቶን» ያላደረገም ሞልቷል።

እኔም በጀማሪነቴ እርስዎ በገቡበት ስህተት ገብቻለሁ፤ ስለዚህ ጉዳዩ ቀላል አይመስለኝም። በሰፈራችን አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው በሕፃንነቱ አሜሪካ ሄዶ ስላደገ አማርኛ መስማት እንጂ መጻፍ አይችልም ነበር። ከብዙ ዓመታት ዝምታ በኋላ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላከላቸውና አንብቤ እንድነግራቸው ጠሩኝ። ከደብዳቤው መካከል ስለጠፋባቸው ዓመታት «አቶን» ማድረግ እንደሚፈልግ የሚናገር አንድ መስመር ነበረ። እኔም «ስለጠፋሁብሽ ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ ይላል» አልኳቸው። እናትየዋ ትንሽ አሰቡና «ይቅርታውንማ ከላይ ብሎታል እኮ። ደግሞ አሁንም ይቅርታ ነው?» አሉኝ። እውነት ነበር፤ ደብዳቤው የተጀመረው በይቅርታ ነው። ተመልሼ ሳነበው ነገሩ ገባኝ። ልጁ የሚለው «እክስሻለሁ» ነበር። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የታየውን ለውጥ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ይቅርታ የሆነውን ነገር ይዘጋል፤ «እክስሻለሁ» ግን ሰው ይመጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ ግሡ እንግባ። ሲነበብ ጫናው ሁለተኛው ክፍል ላይ ነው፤ «አ» ፈጥና ታልፋለች፣ «ቶን» ትጎላለች። ከእኛ «እቶን» ጋር፣ ማለት ሠለስቱ ደቂቅ ከተጣሉበት እሳት ጋር፣ የድምፅ መመሳሰል እንጂ ዝምድና የለውም። ተማሪዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው ይህን ያነሳሁት። ዛሬ በሚጻፈው እንግሊዝኛ ግሡ ቀጥተኛ ተሳቢ አይወስድም። «ስህተቴን አቶን አደረግሁ» ለማለት ስህተቱን ከግሡ ቀጥሎ ማስቀመጥ አይቻልም፤ በመካከል «ፎር» የሚለው መስተዋድድ መግባት አለበት። «አቶን ፎር» ብለው እንደ አንድ ቃል ይያዙት። ከ«ፎር» በኋላ የሚመጣው ጥፋቱ ነው፤ ኃጢአት፣ ወንጀል፣ ስህተት፣ ያለፈ ሕይወት። ጥፋቱ የተጠገነበትን ሥራ ለመጨመር ከፈለጉ «ባይ» ብለው ይቀጥላሉ፤ እንዲህ በማድረግ፣ እንዲያ በመሥራት እንደማለት ነው። ብዙ የእኛ ሰዎች የሚሳሳቱት ደግሞ ተበዳዩን ሲያስገቡ ነው። «አቶን ዩ» ወይም «አቶን ቱ ዩ» ብለው ይጽፋሉ። በዛሬው እንግሊዝኛ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ሁለተኛውም ለጆሮ አይመችም። ሰውን መጥቀስ የሚፈልግ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሌላ አነጋገር ያመጣል፤ «ሜክ አሜንድስ ቱ» ይላል፣ ወይም በቤት ቋንቋ «ሜክ ኢት አፕ ቱ ዩ» ይላል። የመጨረሻው «እክስሃለሁ» ከምንለው ጋር አንድ ነው።

ስሙ «አቶንመንት» ነው። በዚህ መልኩ ጋዜጣ ላይም መጽሐፍ ላይም ከግሡ ባልተናነሰ ይገኛል።

ልብ ይበሉ፤ ግሡ በዳዩንና በደሉን ያስገባል፣ ተበዳዩን ግን በር ላይ ያቆመዋል። ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ለእኔ የዚህ ቃል ዋናው ቁም ነገር ያለውም እዚህ ነው።

ቃሉ ሁለት ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ተጣብቀው የተሠራ ነው። አንዱ «በ» ወይም «ላይ» የሚል ፍቺ ያለው «አት» ነው፤ ሌላው «አንድ» የሚለው ቁጥር ነው። ሁለት የተጣሉ ሰዎች «በአንድ» ሲሆኑ፣ እኛ አንድ ልብ ሆኑ እንደምንለው፣ ያ ሁኔታ «አት ዋን» ይባል ነበር። ታዲያ ለምን «አትዋን» ተብሎ አልተነበበም? ምክንያቱም የቁጥሩ ስም በጥንቱ እንግሊዝኛ ዛሬ በምንሰማው «ዋ» አይጀምርም ነበር። የድሮው ድምፅ «አሎን» እና «ኦንሊ» በሚሉት ቃላት ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል፤ አንደኛው «ፈጽሞ አንድ» ከማለት «ብቻ ለብቻ» የሆነ ነው፣ ሁለተኛውም ከዚያው ከ«አንድ» የወጣ ነው። ቁጥሩ ራሱ አነባበቡን ሲቀይር እነዚህ ልጆቹ አልተከተሉትም፤ «አቶን» ከእነሱ ጋር ቀረ። የሃይማኖት እንግሊዝኛ አብዛኛውን ቃሉን ከላቲንና ከፈረንሳይኛ ሲዋስ፣ ይህ አንዱ በአገሩ እንጨት የተሠራ ቃል ነው።

ስሙ በጽሑፍ የሚገኘው በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ግሡ ተከተለው። ቃሉን በሕዝቡ አፍ ያስገባው ዊልያም ቲንደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1526 ያሳተመው አዲስ ኪዳን፣ ቀጥሎም በ1530 ያወጣው የሙሴ መጻሕፍት ትርጉም ቃሉን ተጠቀሙበት። ቲንደል በ1536 በመናፍቅነት ተፈርዶበት ተገደለ፤ ቃሉ ግን በ1611 ወደታተመው ወደ ንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ተሻገረ።

እዚህ ላይ አማርኛችን ትልቅ ምስክር ይሆነናል። የ1611ዱ ትርጉም በአዲስ ኪዳን ውስጥ ይህን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀማል፤ ሮሜ 5፥11 ላይ። የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እዚያው ቦታ ቢከፍቱ የሚያገኙት «መታረቁን» ነው። ወደ ዘሌዋውያን ቢሄዱ ደግሞ ያው የእንግሊዝኛ ቃል በተደጋጋሚ አለ፤ አማርኛው ግን «ማስተስረያ» እና «ያስተሰርይለታል» ይላል። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል በእኛ ዘንድ ሁለት ነው፤ ዕርቅ እና ስርየት። መዝገበ ቃላትዎ «ማስታረቅ» የሚለውን ፍቺ ያመጣው ከዚህ ከጥንቱ አገባብ ነው። እንግሊዞቹም ልዩነቱ ታይቷቸው በ1881 የአዲስ ኪዳኑን ትርጉም ሲያርሙ ሮሜ ላይ ያለውን አውጥተው ዕርቅ የሚል ቃል ተኩበት።

የጥንቱ ግሥ ሰውን ተሳቢ ያደርግ እንደነበር ከሼክስፒር ማየት ይቻላል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሱት «ኦቴሎ» ውስጥ ዴዝዴሞና ባሏና ካሲዮ መጣላታቸው አሳዝኗት፣ ሁለቱን «አቶን» ለማድረግ ብዙ እንደምትደክም ትናገራለች። እዚያ «ይቅርታ ልጠይቃቸው» ወይም «ልካሳቸው» ማለት አይደለም፤ «ላስታርቃቸው» ነው። ተሳቢዎቹ ሁለት ሰዎች ናቸው። ዛሬ አንድ ተማሪ እንዲህ ቢጽፍ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። ከዚያ ዘመን ወዲህ ቀስ በቀስ ሁለቱ ሰዎች ከግሡ ወጡ፤ የቀሩት ጥፋተኛውና ጥፋቱ ናቸው። ሁለት ሰዎችን አንድ ያደርግ የነበረ ቃል የአንድ ሰው የብቻ ድካም ሆነ። እንግሊዝኛውን ሳነብ ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የአማርኛው «ካሰ» አካሄዱ ተቃራኒ ነው። ካሰ ስንል ጆሯችን የሚጠብቀው ማንን የሚለውን ነው። ካሰው፣ ካሳት፣ እክስሃለሁ፣ አልካስከኝም። ተበዳዩ በግሡ ላይ ተለጥፎ ይመጣል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚል ሕዝብ ግሡንም ከተወጋው በኩል መሥራቱ አይገርምም። ሌላም ልዩነት አለ። «ካሰ» የግድ በደለኛ አይፈልግም። ያዘነን ሰው «እግዚአብሔር ይካስህ» እንላለን፤ እግዚአብሔር በድሎት አይደለም። ከድርቅ ዓመት በኋላ ሰብሉ ሲያምር «ዘንድሮ ተካስን» ይላል ገበሬው። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ የወለዱ ወላጆች ካሳ፣ ካሳሁን፣ ካሴ ብለው ይሰይማሉ። ሕፃኑ የማንንም ጥፋት አልተሸከመም፤ የወላጆቹን ጉድለት ሞላ እንጂ። «አቶን» በዚህ ቦታ ሁሉ አይገባም። ዓፄ ቴዎድሮስን ከመንገሣቸው በፊት ይጠሩበት የነበረውን ካሳ የሚል ስም በ«አቶንመንት» የሚተረጉም ሰው፣ ሳያውቀው በአራስ ልጅ ላይ ኃጢአት ይጭናል።

«ማስተሰረይ»ስ? ይህ ለሃይማኖቱ አገባብ ትክክለኛው ቃል ነው። የአይሁድ የማስተስረያ ቀን፣ ዮም ኪፑር፣ በእንግሊዝኛ የ«አቶንመንት» ቀን ይባላል፤ በሰባተኛው ወር በአሥረኛው ቀን ይጾማል። ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን በጎንደርና በትግራይ መንደሮቻቸው ይህንኑ ቀን በግእዝ «አስተስርዮ» ብለው ሲያከብሩት ኖረዋል። (የጥምቀቱን «አስተርእዮ» ከዚህ ጋር የሚያደባልቁ አሉ፤ ያ መገለጥ ነው፣ ይህ ማስተስረይ ነው፤ ፊደሎቹ ቢቀራረቡም ሥሮቹ የተለያዩ ናቸው።) ስለዚሁ ቀን በአይሁድ የሕግ መጽሐፍ በሚሽና ውስጥ የተጻፈ ሕግ አለ። በሰውና በፈጣሪ መካከል ያለውን በደል ዕለቱ ያስተሰርያል፤ በሰውና በባልንጀራው መካከል ያለውን ግን በዳዩ ባልንጀራውን ካላስታረቀ በቀር ዕለቱ አያስተሰርይም ይላል። እንግሊዝኛው ግሥ በር ላይ ያቆመውን ተበዳይ ይህ ሕግ እጁን ይዞ ያስገባዋል።

እርስዎ ታሪክ ውስጥ ግን ሰውየው ቤተ ክርስቲያን አይሄድም፤ ደራሲውም የሃይማኖት ነገር አላነሳም። «ሲያስተሰርይ ኖረ» ቢሉ አንባቢው ካህን ወይም መሥዋዕት ይጠብቃል። «ንስሐ ሲገባ ኖረ»ም አይሆንም። ንስሐ የልብ መመለስ ነው፤ ከ«አቶን» ጋር የሚቀራረበው የነፍስ አባት የሚሰጡት ቀኖና ነው፤ ስግደቱ፣ ጾሙ፣ ምጽዋቱ። ቀኖና ግን ሌላ ሰው የሚያዝዘው ነው። ያንን ሾፌር ማንም አላዘዘውም።

አንድ ነገር ደግሞ ከካሳ ጋር አብሮ ይምጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከውል ውጭ ጉዳት ያደረሰን ሰው ካሳ ያስከፍላል፤ ለሕሊና ጉዳት ግን ፍርድ ቤት ከ1000 ብር በላይ እንዳይወስን ገደብ አለው። እንግሊዝኛው ይህን «ኮምፐንሴት» ይለዋል፤ «አቶን» አይለውም። ዳኛ ካሳ ያስከፍላል፤ «አቶን» እንዲያደርግ ማንንም ማስገደድ አይችልም። በአገር ደረጃም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ እንድትከፍል ወስኖ ነበር፤ የቆቃ ግድብም ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠራ። ግድቡ ውኃውን ይዟል፣ መብራቱን ሰጥቷል። ይሁንና በየካቲት 12 ለታረዱት ሰዎች «አቶን» ተደረገ ብሎ የሚጽፍ እንግሊዛዊ ቢኖር ቋንቋውን አላወቀም እላለሁ። ውል አስገድዶት የሚከፍል ዕዳውን ከፈለ ይባላል። «አቶን» ከውስጥ የሚነሳ ነው።

ከውስጥ ለተነሳው ምሳሌ ልስጥዎ። እ.ኤ.አ. በ1958 ሎታር ክራይሲግ የተባለ ጀርመናዊ፣ በናዚ ዘመን ዳኛ ሆኖ ግፉን የተቃወመ ሰው፣ በበርሊን አንድ ማኅበር አቋቋመ። ወጣት ጀርመናውያን አባቶቻቸው ወደወረሯቸው አገሮች እየሄዱ በእጃቸው እንዲሠሩ የሚልክ ማኅበር ነው። በጀርመንኛ ስሙ ላይ ያለው «ዙነ» የሚለው ቃል የ«አቶንመንት» የቅርብ አቻ ነው። ማኅበሩ ለእንግሊዝኛ ስሙ የመረጠው ግን ዕርቅ የሚለውን ቃል ነው። በእኔ አስተያየት ጀርመንኛው ስም ይበልጣል። በዳይ ከራሱ ወገን መካሻውን ሊያቀርብ ይችላል፤ ታረቅን ብሎ ማወጅ ግን የእሱ ሥልጣን አይደለም። በእኛም አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀርባል፤ ድንጋዩን አውርድ የሚለው ግን ተበዳዩ ነው። ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ይህን ከማንኛውም መዝገበ ቃላት አስቀድመው ያውቁታል።

ግሡ ሁልጊዜ እንዲህ ከባድ ነው ብለው እንዳይፈሩት። የስፖርት ጸሐፊዎች በየሳምንቱ ያነሱታል። እንግሊዛዊው ተከላካይ ስቱዋርት ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1990 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከምዕራብ ጀርመን ጋር ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ። ከስድስት ዓመት በኋላ በአውሮፓ ዋንጫ ከስፔን ጋር በተደረገው የመለያ ምት እንደገና ወደ ኳሷ ሄዶ አገባት። የእንግሊዝ ጋዜጦች ለእንዲህ ያለው ነገር «አቶን ፎር» ይላሉ። ይህንን «ኃጢአቱን አስተሰረየ» ብሎ መተርጎም ቃሉን ያለ ቦታው ማክበድ ነው። እዚህ «አካካሰ» ጥሩ ቃል ነው፤ ያመለጠ ትምህርት በማካካሻ ክፍለ ጊዜ እንደሚካካስ ሁሉ ያመለጠች ኳስም ትካካሳለች። ይህን «አካካሰ» ግን ወደ እርስዎ ታሪክ አይውሰዱት። የተገደለች ልጅ አትካካስም።

የሚቀረው የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ነው። «ካሰ» ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት ነገር ግን ያስጠነቅቃል። አንደኛው ጊዜው ነው። እንግሊዝኛው ግሥ እንደ ድካም፣ እንደ ሂደት ይነበባል፤ ሰውየው ተሳካለት አይልም። አማርኛው «ካሰ» ግን ነገሩ እንዳለቀና ሒሳቡ እንደተዘጋ ያሰማል፤ «ካሰ» ካልን ተበዳዩ ተቀብሏል። ስለዚህ «ለመካስ ሲደክም» ወይም «ለመካስ ሲጥር» ብለው ሂደቱን ይጠብቁት። ሁለተኛው ተሳቢው ነው። «ሲክሳት ኖረ» ማለት አይችሉም፤ ልጅቱ የለችም። «ወላጆቿን ሲክስ ኖረ»ም ሐሰት ነው፤ ወላጆቿ አንድ ጠብታ ነገር አልደረሳቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ የተመላለሱት ሌሎች ሰዎች፣ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው። እዚህ ላይ ግሡን እንደ እንግሊዝኛው ከበደሉ ጋር ማያያዝ የግድ ይላል። ይህ አማርኛን መስበር አይደለም፤ «በደሉን ለመካስ» የሚለው ለማንኛውም አንባቢ ግልጽ ነው። ተበዳዩን የሚፈልገው ጆሮ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ደግሞ የታሪኩን ሕመም ይሰማል፤ እንግሊዝኛው የማይሰጠውን አማርኛው ይሰጥዎታል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ቀሪ ዘመኑን በደሉን ለመካስ ሲደክም ኖረ፤ የሚክሳት ግን አልነበረችም።» ሁለተኛው ሐረግ በእንግሊዝኛው ላይ የለም፤ አርታኢዎ ጥብቅ ከሆኑ ያወጡታል፣ መብታቸውም ነው። የመጀመሪያው ብቻውን ይቆማል። እርስዎ ግን ለማስገባት ይሟገቱ።